የሕዋስ አጽም ፕሮቲኖች በሕፃናት የነርቭ ሕዋስ ካንሰር፦ የቪንክሪስቲን መጠን ጥያቄ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር

ኒውሮብላስቶማ በፅንስ ወቅት ወደ ሲምፓቴቲክ ነርቮችና ወደ አድሬናል ዕጢ ውስጠኛ ክፍል ማደግ ሲገባቸው ሳይበስሉ ከቀሩ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። ጤነኛ የነርቭ ሕዋስ ቅርጹን የሚይዘውና አክሰኑን የሚዘረጋው በሕዋስ አጽሙ፣ ማለትም በአክቲን፣ በኒውሮፊላመንትና ከቱቡሊን በሚገነቡት ማይክሮቱቡሎች ነው። በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ይኸው መዋቅር ለክፍፍልና ለስርጭት ይውላል። ማይክሮቱቡልን የሚያፈርሰው ስታትሚን በኒውሮብላስቶማ ሕዋሳት በብዛት ይገኛል፤ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ መጠኑ ሲቀነስ የካንሰሩ ስርጭትም ቀንሷል።

እስካሁን ግን ከዚህ እውቀት ወደ ሕመምተኛው አልጋ የደረሰው ዋነኛ ፍሬ አሮጌ መድኃኒት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደውና ከማዳጋስካር አበባ የሚገኘው ቪንክሪስቲን ከቱቡሊን ጋር ተጣብቆ ማይክሮቱቡል እንዳይገነባ ያደርጋል፤ ሕዋሱም ክፍፍሉን ሳይፈጽም ይሞታል። ለዓይን ሬቲና ካንሰርም ይሰጣል። ችግሩ ጤነኛው አክሰንም የሚኖረው በማይክሮቱቡል መሆኑ ነው። ለዚህም ነው በሕክምና ላይ ያለ ሕፃን እግሩ የሚዝለው፣ የጉልበቱ ምላሽ የሚጠፋው፣ ሆዱ የሚደርቀው።

ታዲያ ለቡሬ ሕፃን ትክክለኛው መጠን ስንት ነው? በኬንያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት የነርቭ ጉዳቱን አነስተኛ ሆኖ አግኝቶታል፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱን በፍጥነት የሚሰብረው ሲ.ዋይ.ፒ.3ኤ5 የተባለ ኢንዛይም አላቸው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን የዚህ ዘረ-መል የማይሠራ ቅጂ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ሕዝቦች ይልቅ ይበዛልና የኬንያን ውጤት እንዳለ መዋስ አይቻልም። በማላዊ ደግሞ በምግብ እጥረት የተጎዱ የኩላሊት ካንሰር ሕሙማን ሕፃናት መድኃኒቱን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት በዝግታ እንደሆነ ታይቷል። ቡሬና አካባቢዋ በቆሎ የሚትረፈረፍባቸው ናቸው፤ ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨር ይታይባቸው ነበር። መቀንጨር የማላዊው ዓይነት ከባድ መክሳት አይደለም፤ ጥያቄውን ግን ችላ የሚያስብል አይሆንም።

በእኔ እይታ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሆነው ርእስ ይህ ነው እንጂ ሌላ ፕሮቲን ፍለጋ አይደለም። ሕክምናውን በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የጀመረ ሕፃን በዑደቶቹ መካከል ወደ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ይመለሳል። ክብደቱን፣ የክንዱን ዙሪያ፣ የጉልበት ምላሹንና በተረከዙ መራመድ መቻሉን መመዝገብ ሚዛን፣ ሜትርና የጉልበት መዶሻ ብቻ ይጠይቃል። ይህ ከዘረ-መልና ከመድኃኒቱ የደም መጠን ምርመራ ጋር ሲጣመር መጠኑን በማስረጃ ለመወሰን ያስችላል።