ሳንባ ነቀርሳና ቤት ለቤት ጉብኝት

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለሳንባ ነቀርሳ ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከተሞች የነበሩ የሳንባ ክሊኒኮች ግን ነርስ ወደየቤቱ እየላኩ ሕመምተኛውን ይከታተሉ ነበር።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ ባደግሁበት የሞጣ ገጠር አንድ ጎረቤታችን መድኃኒት በጀመሩ በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ እኮ!» ብለው አቆሙ። አጨዳ ደርሶ ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቤታቸው ሄዶ የጠየቃቸው የለም። ሳሉ ተመልሶ መጣ፤ በኋላ ልጃቸውንም ያዘው።

የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አብዛኛውን ባክቴሪያ ስለሚገድሉ ሕመምተኛው የዳነ ይመስለዋል፤ የተረፈውን የሚጨርሱት ቀሪዎቹ 4 ወራት ናቸው። ከተቋረጠ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር ማንኳኳትም እንደ ክኒኑ ሁሉ ሕክምና ነው።