ፀሐይ የወጣችው በስንት ሰዓት ነው? በአንድ ደሴት ላይ ሁለት ማለዳዎች

ፀሐይ የምትወጣው በስንት ሰዓት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር እንደኛ ላለ ሕዝብ መልሱ የታወቀ ነው፤ ከማለዳው 12 ሰዓት ገደማ። ይሁን እንጂ በአንድ ደሴት ላይ፣ በአንድ ማለዳ፣ ሁለት ሰዎች ትክክለኛ ሰዓት ይዘው ቢጠብቋት የተለያየ መልስ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ግን አልተሳሳቱም። በዚህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት እንመረምራለን፤ ከዚያም ይኸው ልዩነት የምድርን መጠን ለማስላት እንዴት እንደሚያገለግል እናያለን።

በምሳሌነት የመረጥናት በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን ማዊን ነው። በደሴቲቱ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,055 ሜትር ከፍታ ያለው ሃሌአካላ የተባለ የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ «የፀሐይ ቤት» ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ማዊ የተባለው ጀግና እናቱ ያሰጣችው ጨርቅ ሳይደርቅ ቀኑ እየመሸ ቢያስቸግራት፣ ከተራራው ላይ ሆኖ ፀሐይን በገመድ ጠልፎ ቀስ ብላ እንድትሄድ አስገደዳት።

ዛሬ ለዕረፍት ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱ ጎብኚዎች ሌሊት ተነሥተው፣ የፀሐይን መውጣት ለማየት በመኪና ወደ ጫፉ ይወጣሉ። ከብዛታቸው የተነሣ ከየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በመኪና ወደ ፓርኩ ለመግባት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ ጫፉ ከባሕሩ ዳርቻ ይልቅ 20 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ ልብስ የወጣ ጎብኚ ፀሐይን የሚጠብቃት እየተንቀጠቀጠ ነው።

ከፍታና አድማስ

ባሕሩ ዳር የቆመ ሰው አድማሱን የሚያየው ከዓይኑ ትይዩ ነው ለማለት ይቻላል። ተራራ ላይ የቆመ ሰው ግን ምድር ክብ በመሆኗ አድማሱን ለማየት ዓይኑን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። የዚህ ዝቅታ መጠን በሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

የዝቅታው ማዕዘን (በራዲያን) = √(2 × ከፍታ ÷ የምድር ሬድየስ)

ከፍታውን 3,055 ሜትር፣ ሬድየሱን 6,371 ኪሎ ሜትር አድርገን ብናሰላ 0.031 ራዲያን፣ ማለትም 1.77 ዲግሪ እናገኛለን። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። በማዊ ኬክሮስ (ወደ 21 ዲግሪ ሰሜን) ፀሐይ ቀጥ ብላ ሳይሆን ጋደል ብላ ስለምትወጣ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት አንድ ዲግሪ ከፍ ለማለት 4.3 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋታል። በመሆኑም በተራራው ላይ ያለው ሰው ፀሐይን ከባሕሩ ዳር ሰው 7 ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድሞ ያያታል።

የአየሩ ድርሻ

እስካሁን አየር እንደሌለ አድርገን አስልተናል። በእውነቱ ግን ከጠፈር የሚመጣ ብርሃን ከስስ አየር ወደ ጥቅጥቅ አየር ሲያልፍ ወደ ምድር ይታጠፋል። በአድማስ ላይ ይህ መታጠፍ 34 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ የፀሐይ ክብ ስፋት ደግሞ 32 የዲግሪ ደቂቃ ነው። እንግዲህ ፀሐይ የታችኛው ጠርዟ ከአድማስ ሲላቀቅ በምናይበት ቅጽበት፣ መላ አካሏ ገና ከአድማስ በታች ነው ማለት ነው! በአፈ ታሪኩ ማዊ ፀሐይን በገመድ ያዘ፤ በተፈጥሮ ደግሞ አየሩ ምስሏን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ ክስተት ለሁለቱም ተመልካቾች የጋራ ነው። ነገር ግን ወደ ተራራው ጫፍ የሚደርሰው ጨረር የባሕሩን ገጽ ታክኮ ካለፈ በኋላም በአየር ውስጥ ረጅም ጉዞ ስላለበት ተጨማሪ ይታጠፋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይጨምራል።

ልኬቱ

በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ሊቅ አል ቢሩኒ በዛሬዋ ፓኪስታን በሚገኘው ናንዳና የአድማስን ዝቅታ ከተራራ ላይ ለክቶ የምድርን ሬድየስ አስልቷል። እኛ በማዕዘን መለኪያ ፈንታ በሰዓት እንጠቀም። አንድ ተማሪ በሃሌአካላ ጫፍ፣ ሌላው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሃና የባሕር ጠረፍ ቆመው የፀሐይ ጠርዝ ብቅ ያለበትን ቅጽበት መዘገቡ እንበል። (በመነጽርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይደረግም።) ልዩነቱ 7 ደቂቃ ሆነ እንበል። ሃና ከተራራው ጫፍ በሩብ ዲግሪ ኬንትሮስ ወደ ምሥራቅ ስለምትገኝ በዚህ ብቻ 1 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ስለዚህ በከፍታ ምክንያት የመጣው ልዩነት 8 ደቂቃ ነው።

በ8 ደቂቃ ምድር 2 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለጋደለው መንገድ ሲታረም 1.87 ዲግሪ ወይም 0.0326 ራዲያን ይሆናል። ቀመሩን ገልብጠን የከፍታውን እጥፍ ለማዕዘኑ ስኩዌር ብናካፍል 5,700 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ትክክለኛው 6,371 ነው። የጎደለው አሥር በመቶ ያህል ከየት መጣ? በአብዛኛው ቀመራችን ከዘነጋው የአየር መታጠፍ ነው። ከተራራው በታች ደመና ከተነጠፈ ደግሞ አድማሱ ባሕሩ ሳይሆን የደመናው ገጽ ስለሚሆን ስሌቱ ከናካቴው ይለወጣል። በተመሳሳይ ምክንያት እንጦጦ ላይ የቆመ ሰው 3,000 ሜትር ብሎ ቢያሰላ አይሠራለትም፤ አድማሱ ባሕር ሳይሆን ደጋው አገር ነውና።

በቤተ ሙከራዎቻችን ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር እንዲገጥም ቁጥሩን የሚያስተካክል ተማሪ ጥቂት አይደለም። 5,700ን ሰርዞ 6,371 ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን የሰረዘው ስሕተትን ሳይሆን ከባቢ አየርን ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ያገኛችሁትን እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ ከዚያ ልዩነቱ ምን እንደሚነግራችሁ ጠይቁ።

መልመጃ፦ በምድር ወገብ ላይ፣ ከባሕር በላይ 100 ሜትር ከፍታ ባለው ገደል አፋፍ የቆመ ሰው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይን ከባሕሩ ዳር ሰው በስንት ሴኮንድ ቀድሞ ያያታል? የአየሩን መታጠፍ ለጊዜው ተዉት። (መልስ፦ 77 ሴኮንድ ገደማ)