የሐይቅን ዳርቻ ከሳተላይት ፎቶግራፍ በቀመር ስለ መለካት

በድርቅ ወቅት ከየአካባቢው በሚቀርቡት ሪፖርቶች ውስጥ «ውሃው በጣም ሸሽቷል» የሚለው አባባል ተደጋግሞ ይገኛል። ምን ያህል እንደ ሸሸ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ሁለት ባለሙያዎች በአንድ የሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ዳርቻውን በዓይናቸው እየገመቱ ቢያሰምሩ፣ መስመሮቻቸው በብዙ አሥር ሜትሮች ሊራራቁ ይችላሉ።

ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ የመስኖ ፍጆታና ደለል ተደራርበውበት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር። ሐይቁ በአንድ ጀምበር አልደረቀም። የላንድሳት ሳተላይቶች ለዓመታት ባነሧቸው ፎቶግራፎች ላይ ማፈግፈጉ ይታያል፤ እነዚህም ፎቶግራፎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንኛውም ተጠቃሚ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

የአለካኩ መሠረት ቀላል ነው። ውሃ ቅርብ ኢንፍራሬድ የተባለውን ጨረር ስለሚውጥ በፎቶግራፉ ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ደረቅ መሬት ግን ይነጣል። ከሐይቁ መካከል ወደ የብስ አንድ ቀጥተኛ መስመር ተሰምሮ በላዩ ያሉት ፒክስሎች የብሩህነት መጠን በተራ ሲመዘገብ፣ ግራፉ በመጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይሄድና ዳርቻው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ላይ የኤስ ቅርጽ ያለው ኩርባ በቀመር ሲገጠምለት የመወጣጫው እኩሌታ እንደ ዳርቻ ይወሰዳል። ለምሳሌ እኩሌታው በ41.6ኛው ፒክስል ላይ ቢውልና የፒክስሉ ስፋት 30 ሜትር ቢሆን፣ ዳርቻው ከመስመሩ መነሻ 1,248 ሜትር ይርቃል። በሌላ ዓመት 35.1 ላይ ቢገኝ ውሃው 195 ሜትር ሸሽቷል ማለት ነው።

ይህን በእጅ ለአርባ ፎቶግራፍ መደጋገም አድካሚ ከመሆኑም በላይ የመስመሩን ቦታ ሳያውቁ ያዛባል። ስለዚህ ኢሜጅ ጄ በተባለው፣ ይልቁንም ለሕክምናና ለሥነ ሕይወት ጥናት በተዘጋጀው ነፃ ፕሮግራም ማክሮ የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ይጻፋል። ጽሑፉ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ይከፍታል፤ መስመሩን ሁልጊዜ በዚያው ነጥብ ያሰምራል፤ ብሩህነቱን ያነባል፤ ኩርባውን ይገጥማል፤ ውጤቱንም ከቀኑ ጋር በሠንጠረዥ ያሰፍራል። መስመሩ አምስት ፒክስል ያህል ስፋት ቢሰጠውና አማካይ ቢወሰድ የግራፉ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። የሚነጻጸሩት ፎቶግራፎች በአንድ ወቅት የተነሡ መሆን አለባቸው፤ የነሐሴ ውሃ ከየካቲት ውሃ ጋር አይወዳደርም።

አስቸጋሪው ጉዳይ ኮምፒዩተሩ ምንጊዜም ቁጥር መስጠቱ ነው። ውሃው በቅርቡ የለቀቀው እርጥብ ጭቃ ከደረቁ መሬት ስለሚጠቁር ግራፉ ሁለት ደረጃ ይሠራል፤ አንድ ደረጃ ብቻ የሚያውቀው ቀመር ግን ዳርቻውን በሁለቱ መካከል፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ውሃ ላይ የበቀለ አረምም በዚህ ጨረር ስለሚነጣ ሐይቁን ያለ አግባብ ያጠብበዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የግጥሚያው ጥራት መለኪያ የሆነው አር ስኩዌርድ ከ0.9 በላይ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል እርሱን ብቻ ማመን አይገባም። የየፎቶግራፉ ግራፍ ከሠንጠረዡ ጋር ተያይዞ መቅረብና በዓይን መታየት አለበት።

እንዲሁም ሁለት ፎቶግራፎች በአንድ ፒክስል ቢዛነፉ 30 ሜትር የውሸት ሽሽት ይፈጠራል። ለዚህ መቆጣጠሪያ የሚሆነው በማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ በዓለታማ ተረተር ጠርዝ ላይ፣ ሁለተኛ መስመር አስምሮ በዚያው ማክሮ መለካት ነው። ተረተሩም «ከተንቀሳቀሰ» ሐይቁ ከመለካቱ በፊት ፎቶግራፎቹ እንደገና ይስተካከላሉ።