«እሺ» ከማለታችን በፊት

ለዘንድሮው መጽሔታችን ከአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥራ አንድ ትምህርት መርጠናል።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት፣ በከባድ ጭጋግ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው አብራሪ የተንደረደረው የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው ነበር። ተቆጣጣሪው «እሺ» ካለ በኋላ «ጠብቅ» ማለቱ በሬዲዮ ጩኸት ምክንያት በግልጽ አልተሰማም። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ አብራሪው ግን ወጥቷል ብሎ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተጠናከረ። «መነሳት» የሚለው ቃል የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው። አብራሪው የሰማውን ፈቃድ መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪው አዳምጦ ያርማል።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ሳይገባችሁ «እሺ» አትበሉ፤ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩን። እኛ መምህራንና ወላጆችም የልጅን ጥያቄ እንደ ድፍረት አንቁጠር።