ጥለት ያለው ሳሙና፦ ከወረታ ሞራና ከኑግ ዘይት

ሳሙና መሥራት ለእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ቅባት ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ሳሙናና ግሊሰሪን እንደሚሰጥ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምናውቀው ነው። በላቦራቶሪም በቢከር ትንሽ ሠርተን፣ ለመምህር አሳይተን፣ ሪፖርት ጽፈን ጨርሰናል። እኔም የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ወረታ የምትኖረው አክስቴ ግን በቤት የሠራሁላትን ነጭ ሳሙና አገላብጣ አየችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሱቅ ካለው በምን ይለያል? ማን ቆሞ ያየዋል?» አለችኝ። ሞራውን ከልኳንዳ የገዛችው እሷ ናት፣ ኮስቲክ ሶዳውንም እንዲሁ። ሸጣ ገንዘቧን መመለስ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ነው ስለ ጥለት ያነሳሁባት፤ አፌን በቆረጠው የሚያሰኝ ሥራ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር።

ጥለት የምለው ሳሙናው ውስጥ ሁለት ሦስት ቀለም ሳይደባለቅ እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ማድረግን ነው፤ ልክ የነጠላ ጥለት በነጩ ላይ እንደሚሄደው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ገና ያልረጋውን ሳሙና ከፋፍሎ ቀለም መቀባት፣ በሳጥን ውስጥ እያፈራረቁ ማፍሰስ፣ ከዚያ የልብስ መስቀያ ሽቦ በሳጥኑ ርዝመት ልክ አጥፎ ከታች አስገብቶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማሳለፍ። በማግስቱ በአግድሙ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን መልክ ይዞ ይወጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። ቅባቱና ሶዳው ተማስለው እየወፈሩ ሲሄዱ ከማማሰያው የሚንጠባጠበው ወዲያው ሳይሰምጥ መስመሩ ላዩ ላይ የሚቀርበት ደረጃ አለ። እኔ «ዱካ» እለዋለሁ። ከዱካ በፊት ከፈሰሰ ቀለሞቹ ይዋሃዳሉ፤ ከዱካ በጣም ካለፈ ደግሞ ሽቦው ገንፎ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ለጥለት የሚሆነው በመካከል ያለው፣ እንደ ቀጭን አጥሚት የሆነው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ 3 ደቂቃ ይሁን 20 ደቂቃ የሚወስነው ኬሚስትሪው ነው።

ከፎገራ ሜዳና ከዙሪያው ምን ይገኛል? የመጀመሪያው ሞራ ነው፤ የፎገራ ከብት አገር ነውና። ሞራ ስቴሪክና ፓልሚቲክ አሲዱ ብዙ ስለሆነ ጠንካራና ነጭ ሳሙና ይሰጣል። ሁለተኛው ከሜዳው ከፍ ባለው አገር የሚዘራው ኑግ ነው። የአገራችን የኑግ ዘይት ከመቶ 70 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ነው ዱካ የሚያሳየው፤ ለጥለት ሠሪ በረከት ነው ማለት ነው። በረከቱ ግን ዕዳ አለበት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አልካሊውን ከአመድ ላውጣ ብዬም ሞክሬ ነበር። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች አጠገብ የሩዝ ገለፈት ተራራ ሆኖ ይታያል። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ የአካባቢው መልክ ሆኗል። ታዲያ የዚህን አመድ ባጠልለውስ? አልኩ። ሞኝነት ነው። የሩዝ ገለፈት አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ከውሃ ጋር የሚወጣ አልካሊ እምብዛም የለውም። የእንጨት አመድ ይሻላል፣ ግን እሱም የሚሰጠው የፖታሲየም አልካሊ ነው፤ የፖታሲየም ሳሙና ደግሞ ለስላሳና እንደ ቅባት የሚዝለገለግ ስለሆነ ጥለት አይዝም። ስለዚህ የግድ ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማለትም ወደ ኮስቲክ ሶዳ ተመለስኩ።

ሒሳቡን እዚህ ላስቀምጠው፤ ብዙ ልጆች በግምት ሲሠሩ አይቻለሁ። የሞራ ሳፖኒፊኬሽን ቁጥር 196፣ የኑግ ዘይት 190 ገደማ ነው። ይህ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊግራም የተለካ ስለሆነ ወደ ሶዲየም ለመቀየር 56.1ን ለ40 አካፍሎ በሚገኘው 1.4 ማካፈል ነው። ለ1 ግራም ሞራ 0.14፣ ለ1 ግራም ኑግ 0.135 ግራም ሶዳ ይመጣል። 700 ግራም ሞራና 300 ግራም የኑግ ዘይት ቢሆን 98 ሲደመር 40.5፣ በድምሩ 138.5 ግራም። ከዚህ ላይ ከመቶ 5 ቀንሼ 132 ግራም ወሰድኩ፤ ጥቂት ቅባት ሳይበላ ቢቀር ለቆዳ ይሻላል፣ ሶዳ ተርፎ ከሚቀር። ውሃው 330 ግራም። ለተራ ሳሙና ከዚህ ባነሰ ውሃ ይሠራል፤ ውሃ ሲበዛ ግን ሥራው ስለሚዘገይ ለጥለት ጊዜ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፣ ሃይድሮጅንም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ካልተገኘ ባይሠራ ይሻላል። ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አታድርጉ። ጓንትና መነጽር ይኑር፣ ሕፃናት ከግቢው ይውጡ፣ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው ብዙ ውሃ።

የመጀመሪያው ሙከራ በአጭሩ የሚነገር ነው። ሽታ እንዲኖረው ብዬ የቅርንፉድ ዘይት ጨመርኩ። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ሥራውን እንደሚያፋጥን አላነበብኩም ነበር። አጥሚቱ በዓይኔ ፊት ገንፎ ሆነ፣ ከገንፎም አልፎ ማማሰያውን ይዞ ቀረ። ሽቦዬን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። በማንኪያ እየቆነጠርኩ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ልብስ ለማጠብ አላነሰም።

ሁለተኛው ግን በደንብ ሊነገር ይገባዋል፤ ያታለለኝ እሱ ነው። ቅርንፉዱን ተውኩ። ጠዋት፣ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ጀመርኩ። የፈጠነብኝ በሙቀቱ ነው ብዬ ስላሰብኩ ሶዳውን 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪሆን አቀዘቀዝኩት፤ ሞራውንም እንዲሁ ገና ሳይረጋ ቀዝቀዝ አደረግኩት። ማማሰል እንደጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ወፈረ፣ መስመርም ታየ። ደስ አለኝ። ከፋፈልኩ፣ ቀለም አደረግኩ፣ አፈሰስኩ፣ ሽቦውን አሳለፍኩ። ላዩ በጣም ያምር ነበር፤ አክስቴን ጠርቼ አሳየኋት። በብርድ ልብስ ሸፍነን ሄድን። ማታ ገልጬ ሳይ ላዩ ላይ ዘይት ተኝቷል። ጥቁሩና ቢጫው ተዋህደው የጎርፍ ውሃ መስለዋል፤ ክረምት ርብና ጉማራ ሜዳው ላይ ሲወጡ የሚያመጡትን መልክ አስቡት። በማግስቱ ስቆርጠው ከታች ፈሳሽ የቋጠረ ቀዳዳ ነበረበት። ጓንቴን አውልቄ ስለነበር ጣቴን አቃጠለኝ።

ምን ሆነ? የወፈረው ሳሙና ሆኖ አልነበረም። ሞራው ስለቀዘቀዘ መርጋት ጀምሮ ነው፤ ሐሰተኛ ዱካ ይባል። ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ሪአክሽኑ የራሱን ሙቀት ሲያወጣ ሞራው ተመልሶ ቀለጠ፣ ገና ያልተዋሃደው ዘይትና ሶዳ ተለያዩ፣ ጥለቱም አብሮ ፈሰሰ። ይህን ከእውነተኛው የሚለይ ቀላል መንገድ አገኘሁ። አንድ ማንኪያ ቀድቶ በሙቅ ውሃ ላይ ማሞቅ ነው። ተመልሶ ከቀጠነ ገና ነው፤ ሞቆም መስመሩን ከያዘ ሳሙና ሆኗል። በላቦራቶሪ ሪፖርታችን «ድብልቁ ወፈረ» ብለን ስንጽፍ ምን እንደወፈረ ጠይቀን እናውቃለን?

በንዴት ይሁን በሞኝነት፣ ሦስተኛውን ሳደርግ ሙቀቱን ከማስተካከል ይልቅ ቅባቱን ቀየርኩ። 500 ሞራ፣ 500 ኑግ፣ ሶዳው 131 ግራም። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ጥለት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሠራሁም። ጊዜ ነበረኝ፣ እጄ አልተቻኮለም፣ ሽቦው እንደ ብዕር ሄደ። አክስቴ «ይሄማ ያሳሳል፣ ለልብስ የሚሆን ጥለት የሌለው ስጠኝ» አለች። ግን ለመቁረጥ 4 ቀን ጠበቅን፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ውሃ ያገኘው ቁራጭ ቶሎ ሟሟ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ደግሞ ቢጫ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፣ የቆየ ዘይት ሽታም ሸተተ። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት ድርብ ቦንድ ስላለው ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይገናኛል፤ ያለሁት ዕዳ ይህ ነው። አክስቴ ከሸጠቻቸው ውስጥ ሁለቱን ሰዎች መለሱባት። ገንዘባቸውን ሰጠቻቸው፣ እኔን ምንም አላለችኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለጥለቱ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከሦስት ቦታ መግዛት ይቻላል፦ ከውሃ፣ ከዘይት፣ ከሙቀት። ከዘይት የገዛሁት ከሳሙናው ዕድሜ ላይ ተቆርጦ ነው። ውሃም ቢበዛ ለመድረቅ ሳምንታት ይጨምራል። የሚከፈልበት የማይመስለኝ ሙቀቱን በልክ መያዝ ነው፤ እሱ የሚጠይቀው ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አራተኛው ወደ 700ና 300 ተመለሰ። ቅባቱንም ሶዳውንም 45 ዲግሪ ላይ አገናኘኋቸው፤ ሞራው በዚህ ሙቀት አይረጋም። በእጅ በእንጨት ማማሰያ ብቻ፣ ያለ ምንም ሽታ። የመጀመሪያውን ቀጭን ዱካ እንዳየሁ በማንኪያ ፈትኜ ከፋፈልኩት፦ ግማሹ እንዳለ፣ ሩቡ በከሰል፣ ሩቡ በእርድ። ለጥቁሩ መጀመሪያ ያሰብኩት የከሰለ የሩዝ ገለፈት ነበር፤ ሲሊካው ግን ቆዳ ይፋጫል። በነጠላ የተነፋ ተራ ከሰል ይሻላል። እርዱ ሶዳውን ሲነካ እንደ ጡብ ይቀላል፤ ኢንዲኬተር መሆኑን ለረሳ ማስታወሻ ነው። በኋላ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ይመለሳል፣ ፀሐይ ካየ ግን ይደበዝዛል። ቀይ ሥርንም ሞክሬ ነበር፤ ደም መስሎ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ አትድከሙ።

ካፈሰስኩ በኋላ ሽቦውን 4 ጊዜ ብቻ አሳለፍኩ። አምስተኛውን እጄ ፈልጎ ነበር። ጥለቱ እንደ ሦስተኛው አይደለም፤ መስመሩ ወፈር ይላል፣ አንድ ጥግ ላይም ጥቁሩ ተከማችቷል። በ2 ቀን ግን ተቆረጠ፣ በአምስተኛው ሳምንት ጣት አይሰረጉደውም።

አክስቴ እስካሁን ለሽያጭ አላወጣችውም፤ ሦስት ወሩን ሳይጨርስ አልሸጥም ብላለች፣ ልክ ናት። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሁለት ሁለት ቁራጭ በዲፓርትመንቱ ቢሮ መስኮት ላይ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ጥንድ ብርሃን በሚያገኘው በኩል፣ ሌላው በካርቶን ውስጥ። የመጣ ሁሉ ያሽትታቸው፣ ነጠብጣብ ካየም ቀኑን ካርቶኑ ላይ ይጻፍልኝ።