ከዋክብትን መቍጠርና ከዋክብትን መጠየቅ

በ2017 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት አንድ የንስሐ ልጃችን ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው የሴት ልጃቸው ጋብቻ ሊፈርስ መሆኑን በኀዘን ነገሩን። ሽማግሌ ተልኮ፥ ለጥር ቀን ተቈርጦ ሳለ፥ የወንዱ አጎት የሁለቱን ስም ይዘው ከአንድ ደብተራ ዘንድ ሄደው ኮከባቸውን አስቈጠሩ። የወንዱ አሰድ፥ የሴቲቱ ሑት ሆኖ ተገኘ። አሰድ እሳት፥ ሑት ውኃ ነውና እሳትና ውኃ በአንድ ቤት አያድሩም ተባለ። ሰውየው ይህን ተናግረው ሲያበቁ፥ «አባታችን፥ የቈጠረው ሰው ባዕድ አምልኮ ያለበት አይደለም፤ ከማኅሌት የማይለይ ነው። ቤተ ክርስቲያንስ ራስዋ በፀሐይና በጨረቃ ትቈጥር የለምን?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄው የብዙ ምእመናን፥ እውነቱን ለመናገርም የአንዳንድ ካህናት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ለርሳቸው በቃል የመለስነውን ጥቂት አስፍተን በጽሑፍ እናቀርባለን።

ቤተ ክርስቲያን መቍጠርዋ እውነት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተነገረ፥ ብርሃናት በአራተኛው ቀን የተፈጠሩት ለማብራት ብቻ ሳይሆን ዘመናትና ዕለታት ዓመታትም እንዲታወቁባቸው ነው። የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው የሚነገረው ባሕረ ሐሳብም የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምቶ አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል። ጨረቃ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ ሠርቃ ከፀሐይ ጋር ወደ መነሻዋ ስለምትመለስ ይህ ዘመን ንዑስ ቀመር ተባለ፤ 532 ዓመት ሲፈጸም ደግሞ ዕለቱም፥ ወንጌላዊውም፥ አበቅቴውም በአንድነት ይገጥማሉና ዐቢይ ቀመር ተባለ። ነገር ግን ባሕረ ሐሳብን ከዳር እስከ ዳር ቢመረምሩት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግራል እንጂ፥ እገሌ ይከብር እንደ ሆነ፥ እገሊትም ትወልድ እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ቃል አይገኝበትም።

ይህን ልዩነት አጕልቶ የሚያሳየን መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ መጽሐፉ በሙሉ ተጠብቆ የቈየው በግእዝ ቋንቋ ስለ ሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ ልናስተውለው ይገባን ነበር። ስለ ሰማይ ብርሃናት በሚናገረው ክፍል፥ ቅዱስ ዑራኤል ፀሐይ የምትወጣባቸውን 6 የምሥራቅ ደጆች፥ የምትገባባቸውንም 6 የምዕራብ ደጆች፥ የጨረቃንም መምላትና መጕደል ለሄኖክ ያሳየዋል። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ አካባቢ ግን ከሰማይ የወረዱት ትጉሃን ለሰው ልጆች ካስተማሩት ክፋት መካከል፥ ከአስማትና ከሥር መማስ ጋር፥ በከዋክብት ማየትም ተጽፎ ይገኛል። ሰማዩ አንድ ሲሆን መምህራኑ ሁለት ናቸው። ዑራኤል ዑደቱን አስቈጠረ፤ የወደቁት ግን ዕጣ ፈንታን ከኮከብ መጠየቅን አስተማሩ።

አሁን ወደ ደብተራው ቍጥር እንመለስ። ዐውደ ነገሥት የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደሉ ቍጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ የተረፈውም ኮከብ ይባላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ሥራ ሁሉ ቈጣሪው አንድ ጊዜ ስንኳ ወደ ሰማይ ቀና አላለም። የቈጠረው ፊደል ነው፤ ኮከብ አልቈጠረም። ፊደሉስ ቢሆን? ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሲሆን በቍጥር ግን ይለያያሉ። የሙሽራዪቱ ስም የተቈጠረበትን ወረቀት አስመጥተን ብናየው፥ በሐመሩ ሐ የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ተጽፎ አገኘነው። ፊደሉን አቅንተን በዚያው ሥርዐት ብንደምረው ሑት መሆኗ ቀረ። በክርስትና ስምዋ ብንሞክረው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ኮከብ ወጣ። ለአንዲት ልጅ ሦስት ኮከብ! (የቍጥሩን ሥርዐት ከየት እንዳወቅነው የሚጠይቅ ቢኖር፥ በቅኔ ቤት ሳለን መጽሐፉን ከባልንጀራ ገልብጠን ለቁራሽ እንጀራ ስንል ለገበሬዎች ቈጥረናል። ንስሐ ገብተንበታል።)

አንዳንዶች ሐመል፥ ሰውር፥ ገውዝ የሚሉት ስሞች ከዐረብኛ ስለ መጡ ብቻ መጽሐፉን ይነቅፋሉ። ይህን ነቀፋ እኛ አንቀበለውም፤ የዘመን መቍጠሪያው መጽሐፍ አቡሻክርም ከዐረብኛ የተመለሰ ነውና። ነውሩ በጥያቄው እንጂ በቋንቋው አይደለም።

በእውነት ወደ ሰማይ የሚመለከቱም ኮከብ ቈጣሪዎች አሉ። እነርሱ ጨረቃን፥ ዐጣርድን፥ ዝሁራን፥ ፀሐይን፥ መሪኅን፥ መሽተሪንና ዙሐልን 7 ዘዋሪዎች ብለው ለእያንዳንዱ ግብር ሰጡት። መሪኅን የጦርነት፥ መሽተሪን የሀብት፥ ዙሐልን የመከራ አደረጉ። መሽተሪ ሰማይን በ12 ዓመት ገደማ ስለሚዞር በአንዱ ቤት አንድ ዓመት ያህል ይቈያል፤ ዙሐል ግን በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚዞር በአንዱ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይዘገያል፤ ከዚህም የተነሣ መከራው የሚረዝም መሰላቸው። መሪኅ በየ26 ወሩ ገደማ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል፤ ይህንም የቍጣ ምልክት ይሉታል። መሪኅ ግን ከመንገዱ ወደ ኋላ የተመለሰበት ጊዜ የለም። ምድራችን በውስጠኛው ጎዳና ፈጥና ስትሄድ ስለምታልፈው ነው፤ በፈጣን በቅሎ የሚሄድ ሰው በዝግታ የሚሄደውን መንገደኛ ሲያልፈው፥ መንገደኛው ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ እንደሚመስለው ያለ ነው። ሰባት ናቸው ተብሎ የተደነገገውም ቢሆን፥ ዑራኑስ እ.ኤ.አ. በ1781፥ ኔፕቱን በ1846 ዓ.ም. ከተገኙ ወዲህ ተናግቷል።

ትንቢታቸውስ? እ.ኤ.አ. በ1524 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዘዋሪዎቹ በሑት ቤት ተሰብስበው ስለ ታዩ፥ ሑትም ውኃ ስለ ሆነ፥ ሁለተኛ የጥፋት ውኃ ይመጣል ተብሎ በአውሮፓ ብዙ ሕዝብ ተሸብሮ ነበር፤ የጥፋት ውኃ ግን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. እንዲሁ 5ቱ ዘዋሪዎች ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር በአንድ ወገን ሲከማቹ በህንድ አገር ዓለም ታልፋለች ተብሎ ታላቅ ፍርሃት ሆኖ ነበር፤ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን አለፈ። በእኛም ዘመን ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. መሽተሪና ዙሐል አንድ ኮከብ እስኪመስሉ ተቀራርበው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በምዕራብ በኩል ታይተዋል። በየ20 ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ፤ ያዩአቸው ሁሉ ፈጣሪያቸውን ቢያመሰግኑ መልካም ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ሥነ ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት ከዚህ የጠለቀውን ነገር ይነካል። ሰው ክፉና በጎ የሚሠራው በኮከብ ግዳጅ ከሆነ፥ ሕግ ለምን ይሠራል፥ ዳኛስ ለምን ይሾማል ይላል። እኛም እንጨምራለን፤ ንስሐስ ለምን ይሰጣል? ኮከብ ያስገደደው ሰው ኀጢአት የለበትም፤ ኀጢአት የሌለበትም መድኃኒት አይሻም። ነገሩ የጨዋታ የሚመስላቸው ይህን ያስቡ።

ሰብአ ሰገልን የመራውን ኮከብ የሚጠቅሱልንም አሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ያ ኮከብ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት እንዳልነበረ ያስረዳል፤ በቀን ይታይ ነበር፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር፥ ዝቅ ብሎም ሕፃኑ ያለበትን ስፍራ አመለከተ። ሕፃኑ በኮከቡ ሥር አልተወለደም፤ ኮከቡ ለሕፃኑ አገለገለ እንጂ።

ሰውየው ይህን ሁሉ ሰምተው፥ «እንግዲያውስ ቀኑን እርስዎ ይቍጠሩልን» አሉን። ሁለቱን ቤተ ሰብ ለማስማማት ጊዜ ያስፈልግ ስለ ነበር ጥሩን ትተን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ፈለግን፤ በፊታቸውም ቈጠርን። 5500 ሲደመር 2017 ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው። በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ሲባዛ 121፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ መጥቅዑም 29። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33፥ በ30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ሆነ።

ልጆቹ ግንቦት 3 ቀን እሑድ በሥርዐተ ተክሊል ተጋብተው ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ቈጣሪው ደብተራም መጥቶ ነበር፤ ከእኛ ጋር ቆሞ አብሮ ዘመረ።