ስለ ንባብና ስለ ማስተዋል

ፊደልን ለይቶ ቃልን አሰምቶ መጥራት የንባብ መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው ግን የተነበበውን ነገር ማስተዋል ነው። ሕፃን አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ቢያነብ መምህሩም ወላጁም ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግቶ «ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ካለ፥ የተማረው ድምፅን እንጂ ንባብን አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ቢወጣ፥ ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ ወይም በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ በእጁ በገባ ጊዜ ፊደሉን ያውቃል፥ ነገሩን ግን አያውቅም።

በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ተነሥቶ እስከ ዳዊት በግእዝ ያነባል፤ ምስጢሩን የሚገልጠው ትርጓሜ ግን የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ቤት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ይማር ዘንድ በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ተወስኗል። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሢሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንግዲህ ቋንቋውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የማስተማሩም ሥርዓት ሊታሰብበት ይገባል።

በአማርኛ ደግሞ ማስተዋል ለድምፁም ያስፈልጋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፥ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና»ም ሲላላ በውሃ መዋኘት፥ ሲጠብቅ የነገር አለቃ ነው። ይህን የሚለየው የዐረፍተ ነገሩ ምስጢር ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ አጥብቆ የሚነበበውን ቢያላላ፥ መምህሩ ድምፁን ከማረሙ አስቀድሞ «ስለ ምን የተነገረ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ነገሩን ሲያስተውል ድምፁን ራሱ ያቀናዋል።

ለምሳሌ በአቃቂ ቃሊቲ የሚያስተምር መምህር ልጆቹ በዓይናቸው ከሚያዩት ነገር ተነሥቶ ይህን በሰሌዳ ይጻፍላቸው።

«የአቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ካሉት ተራሮች ይነሣል። በከተማው መካከል ሲያልፍ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ከዚያ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ወርዶ አባ ሳሙኤል ከሚባለው ግድብ ይደርሳል። በመጨረሻም ከአዋሽ ይቀላቀላል።»

ከንባቡ በኋላ ጥያቄው ከቀላል ወደ ከባድ ይሂድ። መጀመሪያ፥ «ወንዙ በመጨረሻ ከምን ይቀላቀላል?» ይበል፤ መልሱ በተጻፈው ውስጥ ተገልጦ ይገኛል። ሁለተኛ፥ «ውሃው ይበልጥ የሚጠራው ከተራራው ነውን ወይስ ከአቃቂ ቃሊቲ?» ይበል፤ ይህ በአንድ መሥመር አልተጻፈም፥ ልጁ ሁለቱን መሥመሮች አገናኝቶ ያገኘዋል። ሦስተኛ፥ «ከብቶች ከዚህ ወንዝ በከተማው በታች ቢጠጡ ይበጃቸዋልን? ስለ ምን?» ይበል፤ ለዚህ ልጁ ያነበበውን ከሚያውቀው ጋር ያመዛዝናል። መልስ ሁሉ «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ይመርመር፤ ልጁም መሥመሩን በጣቱ ያሳይ። ገምቶ የመለሰና አስተውሎ የመለሰ በዚህ ይለያሉ።

በዚህ አካባቢ በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። በቁቤ ጽሕፈት የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ፥ ቁቤን አስቀድሞ የተማረ ልጅ በአማርኛ ጽሕፈት ማጥበቁን ባይለይ አያስደንቅም፥ ስንፍናም አይደለም። ቃሉ ከጠፋበት መልሱን አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር፤ በኋላ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ያስተዋለ ልጅ ቃል ስላነሰው ብቻ እንዳላወቀ ሊቈጠር አይገባም።

የአገር ሽማግሌዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ልጁ ማታ ከትምህርት ሲመለስ «አንብብልኝ» ብቻ ሳይሆን «ያነበብኸውን በራስህ ቃል ንገረኝ» ይበሉት። ፊደል የማያውቅ ወላጅ እንኳ ይህን ለመጠየቅ ይችላል፤ ልጁም ለሌላ ሰው ማስረዳት ሲጀምር፥ ያስተዋለውንና ያላስተዋለውን ራሱ ይለያል።